ግዙፉ ካሜራ፣ ትንሹ ካሜራ እና የወሎ መንገድ

ሁለት ፎቶ አንሺዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቡና ይዘው ከተቀመጡ፣ ሁለተኛው ሲኒ ሳይመጣ የሚነሳ ክርክር አለ። አንዱ «ካሜራ ማለት ወድቆ ወለሉን የሚሰነጥቅ ነው» ይላል። ሌላው «ከብዶህ ቤት ትተኸው የወጣኸው ካሜራ እስከ ዛሬ ስንት ፎቶ አነሳልህ?» ብሎ ዝም ያሰኘዋል። ጥንካሬ ወይስ ቅለት? በፊልም ዘመን ባለሙያው በዚህ ጥያቄ ሁለት ጎራ ተከፍሎ ነው የኖረው። ፋብሪካዎቹም እንደዚሁ።

እኛ ደግሞ ክርክሩን ከቡናው ጠረጴዛ አንስተን ወሎ እንውሰደው አልን። ከደሴ የሚነሳው አስፋልት በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አልፎ ወልድያ ይገባል። ከዚያ ቆቦንና አላማጣን አቋርጦ ወደ ኮረም ሽቅብ ይወጣል። ከወልድያ ወደ ምሥራቅ ወጣ ያለ ሰው ሐራን ያገኛል፤ ከሐራ ወዲያ ሜዳው ወደ አፋር ይወርዳል። በዚህ አገር ባለፉት 150 ዓመታት ብዙ ካሜራ መጥቶ ሄዷል። በዝሆንና በበቅሎ ከታጀበ ጦር ጋር የመጣ አለ፤ በላንድሮቨር የመጣ አለ፤ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ የመጣም አለ። አንዳንዱ ይዞት የሄደው ምስል መንግሥት አናግቷል።

ጥያቄያችን ይሄ ነው፦ የካሜራው ክብደት ማን እንደሚታይና ማን እንደማይታይ ወስኗል ወይ? እኛ «ወስኗል» ባዮች ነን። ለማስረዳት ከመቅደላ እንጀምር።

በበቅሎ የመጣው ካሜራ

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ፣ አምባው ሥር ካሜራ ነበር። የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ 13 ሺህ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ነው የመጣው። ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ደግሞ አንድ የፎቶግራፍ ቡድን ነበረበት። ጦሩ ከዙላ ተነስቶ በሰንዓፈ፣ በአዲግራት፣ በአሸንጌ ሐይቅ፣ በላስታ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ መቅደላ ደረሰ። ካሜራውም አብሮ ተጎተተ።

የዚያን ጊዜ ፎቶ ማንሳት ምን ማለት እንደነበር ለአፍታ እናስብ። ፊልም የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ምስሉ የሚያርፈው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ላይ ኮሎዲየን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፣ በብር ውሁድ ይነከራል፣ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ይገባል፣ ሳይደርቅም ታጥቦ ይወጣል። ይሄ ሁሉ በ10 እና 15 ደቂቃ ውስጥ ካላለቀ መስታወቱ አበቃለት። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ብቻ ይዞ መዞር አይችልም። ጨለማ ድንኳኑን፣ የመስታወት ሳጥኑን፣ ጠርሙሶቹን፣ ውኃውን ሁሉ ይዞ ነው የሚዞረው። ጭነቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የበቅሎ ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ካሜራ ከማን ጋር ይመጣል? በቅሎ፣ ስንቅና ጠባቂ ካለው ጋር ነዋ! ያን ጊዜ ደግሞ ያ ያለው ጦሩ ነው። በዚያ ዘመቻ የተነሱትን ፎቶዎች ስናይ መኮንኖች በሰልፍ ቆመዋል፣ ሰፈሮች ተደርድረዋል፣ ተራሮች ተንሰራፍተዋል። እህሉን የሸጠው፣ መንገዱን ያሳየው፣ ከብቱን የነዳው የላስታና የዋድላ ሰው ግን ከስንት አንድ ነው። ልጁ ልዑል ዓለማየሁም በዚያው ዓመት እንግሊዝ ተወስዶ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል ዝነኛ ፎቶ አንሺ ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ዛሬ የምናውቀው ያ ኀዘንተኛ ፊቱ ከመስታወት የተገኘ ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት እንግዲህ ይሄ ነው። ከባድ ካሜራ ባለቤቱን ይመርጣል፤ ባለቤቱም የሚነሳውን ይመርጣል።

ሞላው ሲጠመዘዝ

የተንቀሳቃሽ ፊልም ካሜራ ሲመጣም ነገሩ ከእንጨት ነው የተጀመረው። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ጥሩ ጠንካራ እንጨት ነበሩ። ግን እንጨት በሙቀት ይሰነጠቃል፣ በእርጥበት ያብጣል፣ ምስጥም ይወደዋል። የአሜሪካው ቤልና ሀወል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1912 ሙሉ በሙሉ የብረት የሆነ ካሜራ ያወጣው፣ አፍሪካ የተላከ የእንጨት ካሜራውን ምስጥ ስለበላው ነው የሚል ወግ በሙያው ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል። ወጉ ምንም ይሁን ምን፣ ብረቱ ችግሩን ፈታ። ክብደቱን ግን ጨመረ።

ከዚያ ድምፅ መጣና ነገሩን አባሰው። የካሜራ ሞተር ይንሿሿል፤ ድምፁ ደግሞ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ካሜራውን በወፍራም ሽፋን ማፈን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የሆሊውዱ ሚቸል ቢ.ኤን.ሲ. ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለአሥርት ዓመታት አልበላሽም ብሎ የሠራ ማሽን ነው። ግን እስኪ እሱን ተሸክማችሁ ከመርሳ ወደ ደጋው ውጡ!

ለዜና ሰዎች የተሠራው ሌላ ነበር። አይሞ ይባላል፤ ያው የቤልና ሀወል ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ወጣ። በአንድ እጅ ይያዛል፣ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባትሪ የለውም። እንደ ድሮ ሰዓት ሞላው በእጅ ይጠመዘዛል፣ ቁልፉ ሲጫን ጥርሶቹ ፊልሙን ይስባሉ። አንድ ጊዜ ተጠምዝዞ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። የሚይዘው ፊልም 100 ጫማ ስለሆነ አንድ ጥቅል ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ድምፅ የለውም። ምቾትም የለውም። ግን ዝናብ፣ አቧራና የጭነት መኪና መንገጫገጭ አይበግረውም።

በፎቶው ዓለምም ተመሳሳይ ለውጥ መጥቷል። ኦስካር ባርናክ የሚባል አስም ያስቸገረው ጀርመናዊ መሐንዲስ ትልቁን የመስታወት ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሲያቅተው፣ የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ ትንሽ ካሜራ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1925 «ላይካ» ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የአንድ ሰው የትንፋሽ ችግር የዓለምን ፎቶግራፍ ለወጠ ብንል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህ ትንንሽ ማሽኖች ወደ እኛ አገር በብዛት የመጡት ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 አልፍሬድ አይዘንስታት መጥቶ የባዶ እግር ወታደር ውስጥ እግር አነሳ፤ የተሰነጣጠቀውና ጭቃ የጠጣው ያ እግር እስከ ዛሬ ከዝነኛ ፎቶዎቹ አንዱ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ደግሞ የውጭ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎች ከተማው ውስጥ ነበሩ። ጃንሆይ ከፀረ አውሮፕላን መትረየሱ ጋር የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞረ።

ልብ በሉ፤ ቦምብ ሲወርድ ባለ ሦስት እግር የሚተክል የለም። ያ ቀን የታየው ካሜራው ስላነሰ ነው። ከግንባሩ ወዲያ ማዶ ደግሞ የሙሶሊኒ የፊልም ድርጅት ሉቼ ከነሙሉ ጓዙ ከጦሩ ጋር ነበር። በመንግሥት መኪና፣ በመንግሥት ፊልም፣ በመንግሥት ትእዛዝ። በናፒየር ጊዜ ያየነው ነገር በሞተር ተመለሰ ማለት ነው። ካሜራው ማነሱ ብቻውን ነፃ እንደማያወጣ እዚህ ላይ መመዝገብ አለበት።

ከ290 ሜትር ያነሰ ፊልም

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። 1964 እና 1965 ዓ.ም.። ወሎ ዝናብ ከዳው። ገበሬው በሬውን ሸጠ፣ ቀጥሎ ዘሩን በላ፣ ቀጥሎ ቤቱን ዘግቶ ወደ አስፋልቱ ወረደ። በደሴና በወልድያ መንገድ ላይ ሰው ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። የሞተው ሰው ቁጥር እንደ አጥኚው ይለያያል፤ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

ብዙዎቻችን ይህን ረሃብ ያጋለጠው አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ነው ብለን ነው ያደግነው። ግን ከእሱ በፊት የሄዱ ነበሩ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወጥተው ፎቶ ይዘው ተመለሱ። ፎቶው ግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረበ፤ ተማሪው ተነሳ። ይህ የትንሽ ካሜራ ሥራ ነው። ለመምህር ማንም በቅሎ አይመድብለትም፣ የፊልም ቡድን አይልክለትም። ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ካሜራ ባይኖር ኖሮ እነዚያ መምህራን ይዘው የሚመለሱት ወሬ ብቻ ነበር። ወሬን ደግሞ መንግሥት «ውሸት ነው» ይላል። ፎቶን እንዲህ በቀላሉ አይልም።

ከዚያ ጆናታን ዲምብልቢ መጣ። በዚህ ጊዜ የቴሌቪዥን ዶክመንተሪ የሚሠራው በ16 ሚሊ ፊልም ነው። የሲኒማው 35 ሚሊ ከግማሽ በታች ጠቦ ማለት ነው። ፊልሙ ሲጠብ ካሜራው አነሰ፤ ድምፁም ታፈነ። የጀርመኑ አሪፍሌክስና የፈረንሳዩ ኤክሌር ከ7 እስከ 10 ኪሎ ሆነው ትከሻ ላይ የሚቀመጡ፣ ሳይጮኹ የሚሠሩ ማሽኖች ነበሩ። ድምፁን ናግራ የሚባል 6 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የስዊስ ቴፕ በጎን ይቀዳዋል። አንድ የ400 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። በአይሞ አንድ ደቂቃ ከነበረው ጋር አወዳድሩት። 11 ደቂቃ ማለት ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ማለት ነው። ካሜራው ትዕግሥት አገኘ።

ፊልሙ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። የሳምንታዊ ፕሮግራም ርዝመት ነው ያለው፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። 25 ደቂቃ የ16 ሚሊ ፊልም ተዘርግቶ በሜትር ቢለካ 290 አይደርስም። ከአንድ የከተማ ብሎክ ብዙም የማይረዝም ክር ነው።

ያ ክር ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ማታ፣ ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር እየቀያየረ ቆርጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ንጉሡም እንዲያዩት መደረጉ ይነገራል። በማግስቱ መስከረም 2 ጃንሆይ በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ።

እርግጥ ነው፣ ዙፋን የሚወድቀው በካሜራ ብቻ አይደለም። ወታደሩ ነበር፣ ታክሲው ነበር፣ መምህሩ ነበር፣ የመሬት ጥያቄው ነበር። ቴሌቪዥን የነበረው ሰውም ጥቂት ነው። ግን ደርግ መኮንን፣ ታንክና ሬዲዮ እያለው በዚያች ማታ ፊልም መረጠ። ለምን? ፊልሙን የቆራረጠው እጅ የራሱ ዓላማ ቢኖረውም፣ የወሎው ሰው ፊት እውነት ስለነበር ነው።

ጥንካሬ የሚባለው ነገር

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ማሽኑ እንመለስ፤ «ጠንካራ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት አለብን።

እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ያለ ሌንሱ 685 ግራም ይመዝናል። መጋረጃው ስስ የቲታኒየም ወረቀት ነው፤ ሰውነቱ ብረት ነው፤ የሚሠራው በሞላና በጥርስ ነው። ዶን መከሊን የተባለው እንግሊዛዊ የጦር ሜዳ ፎቶ አንሺ ካምቦዲያ ውስጥ የተተኮሰበትን ጥይት ያስቀረለት ኒኮን ኤፍ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስታወቂያ ያስፈልጋል? «ከባድ ካሜራ ነፍስ ያድናል» የሚለው ጎራ እስከ ዛሬ በዚህ ታሪክ ይምላል።

ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ዮሺሂሳ ማይታኒ የሚባል የኦሊምፐስ መሐንዲስ ኦኤም 1ን ይዞ መጣ። 510 ግራም ብቻ። ማይታኒ ያሳየው ነገር ቀላል ነው፦ ክብደት ራሱ ጠላት ይሆናል። ከአንድ ከፍታ የወደቁ ሁለት ዕቃዎች መሬት ላይ የሚያርፉበት ኃይል እንደ ክብደታቸው ነው። ከባዱ ካሜራ ጠንካራ መሆን ያለበት አንዱ ምክንያት ከባድ በመሆኑ ነው። ቀላሉ ደግሞ ሲወድቅም ቀለል ብሎ ነው የሚወድቀው። አንሺውም ቢሆን በስምንተኛው ሰዓት እጁ አይንቀጠቀጥም።

ከዚያ ባትሪው ገባና ክርክሩ መልኩን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኒኮን ኤፍ 5 ያለ ባትሪ 1,210 ግራም ነው፤ ስምንት ባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል። በራሱ ያነጣጥራል፣ በሴኮንድ ስምንት ፎቶ ያነሳል፣ እንደ ጡብ የጠነከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ታናሽ ወንድሙ ኤፍኤም 2 ደግሞ 540 ግራም ብቻ ነው። ባትሪው ቢሞት የሚጠፋው የብርሃን መለኪያው እንጂ ካሜራው አይደለም።

አሁን ሁለቱን ይዘን ሐራ እንውረድ። ሙቀት አለ፤ ደቃቅ አቧራ አለ። በየ36 ፎቶው የካሜራው ጀርባ ሲከፈት አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር ይጫራል። ሙቀት የከረመበት ፊልም ቀለሙ ይዛባል። ስምንት ባትሪ ያለቀበት ጡብ ያው ጡብ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ጠንካራ ማለት ጥይት የሚመክት ሳይሆን፣ ባትሪ ሳይለምን የሚሠራ፣ ሲበላሽም ሰዓት የሚጠግን ሰው በትንሽ ካቻቢቴ የሚከፍተው ማለት ነው። ስለዚህ «ጥንካሬ ወይስ ቅለት?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጠማማ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «የት ቦታ፣ ከማን ጋር፣ ለስንት ቀን?» የሚለው ነው።

ከቦታው የማይነቃነቀው ካሜራ

እስካሁን የተነጋገርነው መጥቶ ስለሚሄድ ካሜራ ነው። መጥቶ ስለሚቀር ካሜራም መነጋገር ይገባል።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ተከተሉት፤ ቶኒ የጃንሆይ ፎቶ አንሺ ነበር። የእነዚህ ሰዎች የስቱዲዮ ካሜራ ግዙፍ ሳጥን ነው፤ ባለ ሦስት እግር ላይ ተተክሎ፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ ይቆማል። ማንም ተሸክሞት አይዞርም። ስለማይዞር አይወድቅም፤ ስለማይወድቅ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። የትልቅ ካሜራ ጥንካሬ ምስጢሩ እሱ ነው፦ ቁጭ ማለት።

ከቤተ መንግሥት የጀመረው ይህ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ፤ ደሴም ወልድያም ፎቶ ቤት ከፈቱ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ፎቶ ቤት ውስጥ ካሜራው ወደ ሰው አይሄድም፤ ሰው ወደ ካሜራው ይመጣል። ገላውን ታጥቦ፣ ፀጉሩን ተበጥሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል። ኮት ከሌለው የፎቶ ቤቱን ኮት ይለብሳል። ከጀርባው የተሳለ ፏፏቴ ወይም አውሮፕላን ይቆማል። እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የሚወስነው እሱ ነው፤ ሂሳቡን ከፍሏላ! ፎቶውንም እሱ ይወስዳል። ጀርባው ላይ በቢክ «ለማይረሳው ትዝታ ለውድ ጓደኛዬ» ተብሎ ስም ከነቀኑ ይጻፍበታል።

አሁን ሁለቱን አወዳድሩ። በ1966 ዓ.ም. ዓለም ያየው የወሎ ፊት ስም የለውም። በትከሻ ካሜራ ተቀርጾ፣ ለንደን ታጥቦ፣ ለንደን ተቆርጦ ነው የታየው። የተቀረጸው ሰው ራሱን አይቶ አያውቅም። በዚያው ዘመን ወልድያ ፎቶ ቤት ገብቶ የተነሳው ሰው ግን እስከ ዛሬ በመስታወት ፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የልጅ ልጆቹ በስሙ ይጠሩታል። ቀላሉ ካሜራ ረሃቡን ለዓለም አሳየ፤ ውለታው የሚካድ አይደለም። ከባዱ ካሜራ ደግሞ ስሙን ጠበቀ።

ሁለቱን ለማስታረቅ የሞከረ አለ ወይ? አለ። ኃይሌ ገሪማ። ጃንሆይ ወርደው ደርግ ገና በደንብ ሳይደላደል፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ውስጥ አገር ቤት ቀረጸ። በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ፤ 150 ደቂቃ ይፈጃል። በ16 ሚሊ 5,400 ጫማ ነው፤ በ35 ሚሊ ቢሆን 13,500 ጫማ ይሆን ነበር። ገንዘብ ለሌለው ፊልም ሠሪ ይህ ልዩነት መሥራትና አለመሥራት ማለት ነው። ትንሹ ካሜራ በእሱ እጅ ገበሬውን የሚያለቅስ ፊት ብቻ አድርጎ አላሳየውም። የሚያስብ፣ የሚቆጣ፣ የሚከራከር፣ በራሱ ቋንቋ የሚናገር ሰው አደረገው። ያው ዓይነት ማሽን ነው፤ የተለየው የያዘው ሰው ነው።

ኮረም

ከዓመታት በኋላ ረሃቡ ተመለሰ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የማይክል በርክና የመሐመድ አሚን ዘገባ በቢቢሲ ተላለፈ። ከኮረምና ከመቀሌ የመጣ ነው፤ ኮረም ያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። 7 ደቂቃ ገደማ የሆነው ዘገባ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። በዚያው ጊዜ ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ በላይካ ካሜራው ኮረምን በጥቁርና ነጭ ፊልም እያነሳ ነበር። የቴሌቪዥን ዜና ከፊልም ወደ ቪዲዮ ካሴት የሚሸጋገርበት ዘመን ስለነበር፣ ታጥቦ መጠበቅ ቀርቶ ምስሉ በቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ።

አሚን ኬንያዊ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አሚን ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ፣ ካሜራውን ለዚያ እጅ አስተካክሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ ባሕር ላይ ሞተ። ስለ ካሜራ ጥንካሬ ስንከራከር የሚረሳው ይሄ ነው፤ ከማሽኑ በፊት የሚሰበረው ሰው ነው።

የተቀረጹትስ? ከእነዚያ ሺዎች ስሟ የታወቀ አንዲት ልጅ አለች፤ ብርሃን ወልዱ። የካናዳ ቴሌቪዥን መቀሌ ላይ ስታጣጥር ቀረጻት፤ ምስሏ እ.ኤ.አ. በ1985 በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ታየ። ልጅቷ ግን አልሞተችም። እ.ኤ.አ. በ2005 ላይቭ ኤይት መድረክ ላይ ለንደን ቆመች። ዓለም ስሟን ለማወቅ ዓመታት ፈጀበት። ብርሃን አንድ ናት፤ ስማቸው ያልተጠየቀው ግን ስንት ናቸው?

የመሞያው ነገር

ዛሬ የሁላችንም ኪስ ውስጥ 200 ግራም የማይሞላ ካሜራ አለ። ቅለት አሸነፈ፤ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው? እንዲህ እንዳንል ወሎ ራሷ ትከለክለናለች።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆዩባቸው ወራት መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ። በታሪክ ከነበረው ሁሉ የበለጠ ካሜራ በሕዝብ እጅ በነበረበት ጊዜ፣ ካሜራው የሚሞላበት ጠፋ። ሞላ በጣት ይጠመዘዛል፤ ስልክ ግን መብራት ይፈልጋል። የተነሳውም ቢሆን ስልኩ ሲሰበር፣ ሲዘረፍ፣ ሲሸጥ አብሮ ሄደ።

ጥንካሬን ከካሜራው ወደ ምስሉ ማዞር ያለብን እዚህ ላይ ነው። የመቅደላው መስታወት ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ይታያል። የዲምብልቢ ፊልም 50 ዓመት አልፎታል፤ ይታያል። የአያቶቻችን የፎቶ ቤት ፎቶ ግድግዳ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት በስልካችን ያነሳነው የአክስታችን ልጅ ሠርግ የት ነው? «ቴሌግራም ላይ ነበር» እንባባላለን።

ሌላም ነገር አለ። ጠንካሮቹ ምስሎች የተቀመጡት የት ነው? ለንደን፣ ሮም፣ ፓሪስ። የሐራ፣ የመርሳ፣ የሀብሩ ሰው ራሱን ለማየት ቪዛ ሊያስፈልገው ነው። በእጃችን ያለው አልበሙ ነው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታቀደው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራ ብዙ ተፎካክረን ፎቶ አንስተነዋል፤ ሐዲዱ አጠገብ የቆመችውን ሴትዮ ግን «ስምዎት ማን ነው እማማ?» ያልናት ስንቶቻችን ነን?

እና እኛ ክርክሩን በዚህ እንቋጨዋለን። ካሜራ ስትመርጡ የምትሸከሙትን ያህል ምረጡ፤ ኤፍኤም 2 ያገኘ ያጥብቀው፣ ስልክ ያለውም አይፈር። ካነሳችሁ በኋላ ግን ሦስት ነገር አድርጉ። የተነሳውን ሰው ስም ጠይቁ። ፎቶውን አሳጥባችሁ ለራሱ ስጡት። ጀርባው ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡም የግድግዳውን ፍሬም አውርዱና ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። በቢክ የተጻፈው ስም እየደበዘዘ ነው፤ ማን እንደሆነ የምታውቀው ሰው ደግሞ አሁን ቡና እያፈላችላችሁ ነው።